ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከከተማው በስተምሥራቅ ዳር ላይ በሚገኘው የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ በዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ትኖራለች። ባለፈው ዓመት ማርያም ማርታት ስትገላገል ላርሳት ሄጄ አምስት ወር ያህል ተቀምጬ ተመለስኩ። ስሄድ ማታ ከቦሌ ተነሥተን አውሮፕላኑ ደብሊን በምትባል ከተማ አረፈ፤ ከመቀመጫችን ሳንወርድ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ እንደገና ተነሥተን ሄድን። በእጄ ሰዓት ስቆጥረው ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን 17 ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ስመለስ ግን የትም ሳንቆም በ13 ሰዓት ውስጥ ቦሌ ገባን። መንገዱ አንድ፣ የአውሮፕላኑም ዓይነት አንድ ሆኖ ሳለ የአራት ሰዓት ልዩነት ከየት መጣ? ደግሞም ከፊቴ በነበረው ስክሪን ላይ ያለው ካርታ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ጎብጦ ሲዞር ያሳያል፤ ቀጥ ብሎ ቢሄድ አይቀርብም ነበር? ሦስተኛው ጥያቄዬ ያሳዘነኝን ነገር ይመለከታል። ልጄ ሕፃኑን ይዛ በመጣች ጊዜ «ነገ 7፡30 እገባለሁ» ብላኝ በ7፡30 ብደርስ፣ ለካስ ጠዋት 1፡30 ገብታ አራስ ልጇን ታቅፋ ስድስት ሰዓት ስትጠብቀኝ ኖራለች። በሚቀጥለው ጊዜ እንዳልሳሳት ስሌቱን ቢያስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ እንኳን ልጅዎን ማርያም ማረችልዎ። በእጅዎ ሰዓት ቆጥረው መላክዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል፤ ቁጥሮችዎም ትክክል ናቸው። በመጀመሪያ ርቀቱን እንያዝ። ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በምድር ገጽ ላይ ያለው አጭሩ ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህም ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ የተዘረጋውን የባቡር ሐዲድ ወደ 15 ጊዜ ያህል ደጋግሞ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ይህ ቁጥር በመሄድም በመመለስም አይለወጥም፤ የሚገኘውም የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ፣ ምድር ክብ መሆኗን ከግምት አስገብቶ በሚሠራ ስሌት ነው። የሚለዋወጠው ሰዓቱ ነው፤ ሰዓቱን የሚለውጡትም አውሮፕላኑ የሚነሣበት ቦታ ከፍታ፣ በሰማዩ ላይ የሚነፍሰው ነፋስና አውሮፕላኑ እንዲያልፍ የሚፈቀድለት የአየር ክልል ናቸው።

ወደ እነዚህ ከመግባቴ በፊት ስለ ጎበጠው መስመር ልመልስልዎ፤ ርቀት የሚባለው ነገር የሚገባን እዚያ ላይ ነውና። ጂኦግራፊ በማስተምርበት ዘመን የትምህርት ቤታችን ሉል ማቆሚያው ተሰብሮ ስለነበር ተማሪዎቹ እንደ ኳስ በእጃቸው ይዘውት ይማሩበት ነበር። ለዚህ ትምህርት ግን ከዚያ የተሻለ መሣሪያ አላገኘሁም። አንድ ልጅ የክርን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ በጣቱ ይይዛል፣ ሌላው ልጅ ክሩን ዋሽንግተን ላይ ወጠር አድርጎ ይስባል፤ ክሩም በራሱ ጊዜ ተንሸራትቶ አጭሩን መንገድ ያገኛል። ክሩ የሚያልፍበት ሥፍራ ልጆቹን ሁልጊዜ ያስገርማቸው ነበር፤ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ በማቅናት ሱዳንን፣ ሊቢያን፣ አልጄሪያን፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን አቋርጦ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል፤ በውቅያኖሱ መካከል እስከ 45 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ድረስ ከተጠጋ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዘንበል ብሎ የአሜሪካንን ምሥራቃዊ ጠረፍ ያገኛል።

አሁን ደግሞ በመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ጠፍጣፋ ካርታ ወስደን ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ቀጥ ያለ መስመር እናስምር። መስመሩ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊንና ሞሪታኒያን አቋርጦ ውቅያኖስ ይገባል፤ ለዓይን ከክሩ ይልቅ ያጠረ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ መስመር የሚበር አውሮፕላን 12,090 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም ከክሩ መንገድ በ500 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ምክንያቱም ክብ የሆነውን ምድር በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ለማስፈር ሲባል ወደ ዋልታዎቹ የሚቀርቡት ሥፍራዎች ከልካቸው በላይ ስለሚለጠጡ ነው። ስለዚህ በስክሪኑ ላይ የጎበጠ ሆኖ የታየዎት መንገድ በምድር ላይ ቀጥተኛው ነበር፤ የጎበጠው ካርታው ነው።

ይህን ከተረዳን የደብሊን ነገር ቀላል ይሆናል። ብዙ ሰው አውሮፕላኑ ወደ አየርላንድ መሄዱን ትልቅ ዙር አድርጎ ያስባል። ርቀቱን አስልቼ ስመለከተው ግን ከቦሌ ደብሊን 6,370 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ደግሞ 5,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከቀጥታው መንገድ የሚበልጡት ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ ይህም ለእንዲህ ያለ አውሮፕላን የ20 ደቂቃ መንገድ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ደብሊን ለብዙ ዓመታት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ለሚደረገው በረራ ነዳጅ መሙያ ሆና ስታገለግል ቆይታለች። ታዲያ ሲመለሱ ያልተፈለገው ነዳጅ ሲሄዱ ለምን ተፈለገ? የጥያቄዎ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ምክንያቱም ያለው እኛው አገር፣ በእግራችን ሥር ነው።

ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዓለም ላይ ካሉት ትልልቅ ዓለም አቀፍ ማረፊያዎች መካከል በዚህ ከፍታ ላይ ሆነው ረጅም በረራ የሚያስተናግዱት ጥቂት ናቸው። በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠለል ካለው በ20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። እርስዎ ይህን በምድጃዎ ላይ ያውቁታል፤ ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው 100 ዲግሪ ደርሶ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ፣ ሽምብራና ባቄላ ድሬዳዋ ላይ ቶሎ ሲበስሉ እዚህ ጊዜ ይፈጃሉ። ያው የሳሳ አየር አውሮፕላኑንም በሁለት በኩል ይጎዳዋል። ክንፉ አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሣው በላዩና በሥሩ በሚያልፈው አየር ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ማኮብኮቢያው ላይ 12 በመቶ ያህል የበለጠ መፍጠን ይኖርበታል። ሞተሩም ኃይሉን የሚያገኘው ወደ ውስጥ ከሚስበው አየር ስለሆነ ለዚያ ፍጥነት የሚያስፈልገውን ግፊት እንደ ባሕር ጠለል ሊሰጥ አይችልም። በዚህ ላይ ጎማው የሚችለው የፍጥነት ገደብ አለ፤ አብራሪው አንድ ችግር አይቶ መነሣቱን ቢተው አውሮፕላኑ በቀረው የማኮብኮቢያ ርዝመት ላይ መቆም መቻል አለበት። እነዚህ ሁሉ ተደምረው «ከቦሌ ስትነሣ ከዚህ በላይ መክበድ አትችልም» የሚል ጥብቅ ልክ ያበጁለታል።

ነዳጅ ደግሞ ዋነኛው ክብደት ነው። ቦይንግ 787 ድሪምላይነር ታንኮቹ ሁሉ ቢሞሉ ከ120,000 ሊትር በላይ ይይዛል፤ ይህም ወደ 100 ቶን ይጠጋል። አውሮፕላኑ በሰዓት አምስት ቶን ገደማ ስለሚያቃጥል፣ ነፋሱ ከፊት እየመጣበት 14 ሰዓት ለመብረር 70 ቶን ያስፈልገዋል፤ በዚህም ላይ ሕጉ የሚያዘው መጠባበቂያ ይታከላል። ይህን ሁሉ ነዳጅ ይዞ ከመንገደኛና ከጭነቱ ጋር ከቦሌ መነሣት ካልቻለ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ መንገደኛና ጭነት ቀንሶ ነዳጁን መያዝ፣ ወይም ነዳጁን ከፍሎ ግማሹን መንገድ ላይ መሙላት። ደብሊን ላይ ከመቀመጫዎ ሳይነሡ የቆዩባት አንድ ሰዓት ይህችው ናት። የደብሊንም ሆነ የዋሽንግተን ደለስ ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ ከዚያ የሚነሣ አውሮፕላን በወፍራም አየር ላይ ሙሉ ነዳጁን ይዞ ያለ ችግር ይነሣል። ሲመለሱ ቦሌ ላይ የደረሱት ደግሞ ነዳጁ አልቆ አውሮፕላኑ ቀልሎ ስለነበረ የቦሌ ከፍታ ለማረፍ አላስቸገረም። በሌላ አነጋገር የቦሌ ከፍታ ቀረጥ የሚያስከፍለው ወጪውን እንጂ ገቢውን አይደለም። ከባድ በረራዎች ማታና ሌሊት መነሣታቸውም ለዚህ ይረዳል፤ አየር ሲቀዘቅዝ ይወፍራልና።

ሁለተኛው ምክንያት ነፋሱ ነው። ከምድር 9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ፣ ማለትም አውሮፕላኖች በሚበሩበት ሰማይ ላይ፣ ጄት ስትሪም የሚባል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ ጠንካራ ነፋስ አለ። በአትላንቲክ ሰሜናዊ ክፍል ላይ በተለይ በክረምታቸው፣ ይኸውም ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚፈጥንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ አውሮፕላን ይህን ነፋስ በግንባሩ ይጋፈጠዋል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰው ግን ከኋላው እየገፋው ይመጣል። አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚኖረው ፍጥነት በሁለቱም ጊዜ ያው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚለየው በምድሩ ላይ የሚያልፍበት ፍጥነት ነው። የነፋሱን ኃይል በጠቅላላው መንገድ ላይ አማካይ አድርገን 50 ኪሎ ሜትር ብቻ ብንለው እንኳ፣ ሲመለስ በሰዓት 950 ኪሎ ሜትር እየሄደ 11,560ውን ኪሎ ሜትር በ12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይጨርሰዋል፤ ሲሄድ ግን በ850 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ይፈጅበታል። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሊሆን ምንም አይቀረው።

እንግዲህ የእርስዎን አራት ሰዓት እንበትነው። አንድ ሰዓት ተኩል የነፋሱ ነው። አንድ ሰዓት ደብሊን ላይ ነዳጅ ሲሞላ ያለፈ ነው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ቀስ በቀስ ሲወርድ፣ ምድር ላይ ሲንቀሳቀስ፣ ተመልሶ ወደ ከፍታው ሲወጣ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል ይሄዳል፤ ትርፉ 300 ኪሎ ሜትርም 20 ደቂቃ ይጨምራል። ይህ በድምሩ ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። የቀረውን የሚወስደው የዕለቱ የነፋስ መለዋወጥና የመንገዱ መዟዟር ነው፤ በስሌት የሚገኘው አጭሩ መስመርና አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚሄድበት መስመር አንድ አይደሉምና። ክሩ በሱዳንና በሊቢያ ላይ ያልፋል ብያለሁ፤ የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም. ከተቀሰቀሰ ወዲህ ግን የዚያች አገር የአየር ክልል ለመንገደኞች በረራ በአብዛኛው ዝግ ሆኖ በመቆየቱ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄዱ አውሮፕላኖች ሱዳንን በምሥራቅ ወይም በደቡብ ዞረው ለማለፍ ተገድደዋል። የጎረቤታችን ሕዝብ ከደረሰበት መከራ ጋር ሲነጻጸር የአንድ መንገደኛ ደቂቃ ምንም እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በበረራ ሰዓት ላይ የሚታይ ልዩነት ስላለው አንሥቼዋለሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄዎ ልግባ። በእርስዎ ላይ የደረሰው በብዙ ቤት የደረሰ ነው፤ ሕፃን ታቅፎ መጠበቅ ከባድ ስለሆነ ነገሩን ቀስ ብዬ ላስረዳ። በትኬት ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሁሉ የዚያው ከተማ የራሱ ሰዓት ነው። የመነሻው ሰዓት በዋሽንግተን፣ የመድረሻው ሰዓት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ይጻፋል፤ በዚህም ላይ ቆጠራው ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረው የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ከመድረሻው ሰዓት ላይ የመነሻውን ሰዓት በመቀነስ የበረራውን ርዝመት ማግኘት አይቻልም። የመድረሻውን ሰዓት ወደ እኛ ለመመለስ ስድስት መቀነስ ይበቃል፤ ልጅዎ ያለችዎ 7፡30 ስድስት ሲቀነስለት ጠዋት 1፡30 ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሩ ከስድስት ካነሰ አስቀድመው 12 ይጨምሩበትና ከዚያ ስድስት ይቀንሱ።

ልጅዎ በስልክ «አሁን ተነሣሁ» ብላ ስትደውልልዎ ደግሞ ይበልጥ ቀላል የሆነ መንገድ አለ። ዋሽንግተንና አዲስ አበባ የሚለያዩት በበጋቸው በሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው በስምንት ሰዓት ነው። እኛ ሰዓታችንን አንነካም፤ እነሱ ግን በፈረንጆቹ መጋቢት ወር ሁለተኛ እሑድ፣ ይኸውም በእኛ የካቲት መጨረሻ ወይም መጋቢት መጀመሪያ ላይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያደርጋሉ፤ በኅዳራቸው የመጀመሪያ እሑድ፣ በእኛ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ ይመልሱታል። የእኛ አቆጣጠር ከፈረንጁ በስድስት ስለሚለይ፣ ሰባት ሲቀነስ ስድስት አንድ ይቀራል፤ ስምንት ሲቀነስ ስድስት ሁለት ይቀራል። ስለዚህ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት የእሷ ሰዓት በሚያሳየው ቁጥር ላይ አንድ፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ የካቲት ሁለት ቢጨምሩ የእርስዎን ግድግዳ ሰዓት ያገኛሉ። ለምሳሌ በሰኔ ወር ልጅዎ በዋሽንግተን 11 ሰዓት ላይ፣ እነሱ ከእኩለ ቀን በፊት በሚሉት ሰዓት ብትነሣ፣ በእርስዎ ቤት ምሽት 12 ሰዓት ነው፤ በዚያ ላይ 13 ሰዓት ሲጨምሩ በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ያው በረራ በጥር ወር ቢሆን በእርስዎ ቤት ማታ 1 ሰዓት ሆኖ ይነሣና ጠዋት 2 ሰዓት ይገባል። ከትኬቱ መድረሻ ሰዓት ጎን «+1» የምትል ምልክት ካዩ በሚቀጥለው ቀን ይደርሳል ማለት ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ግን ቀኑ ነው፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በእኛ ዘንድ ሌሊቱ የቀደመው ቀን ተከታይ ሆኖ እስኪነጋ ይቆያል፤ ጥንቃቄ ስናደርግም «ሰኞ ሌሊት፣ ለማክሰኞ አጥቢያ» እንላለን። ትኬት ላይ ግን ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ነው። «ማክሰኞ 00፡40» የሚል ትኬት የያዘ ሰው የሚነሣው ሰኞ ሌሊት 6፡40 ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፤ ስለዚህ ሻንጣውን ይዞ ከቤት የሚወጣው ሰኞ ማታ ነው። ማክሰኞ ማታ ተሰናብቶ የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን እንዳለፈው የሚነገረው ቦሌ በር ላይ ነው፤ የመንደር ሰው እንጀራ ጋግሮ ሸኝቶት ከደጅ ሲመለስ ያየሁት ሐዘን ዛሬም ይከነክነኛል። ስለዚህ ለመንገደኛ ቀን ስትነግሩ «አጥቢያ» የምትለዋን ቃል አትተዉ። ለቦሌ አራብሳ ሰው ደግሞ አውሮፕላኑ አርፎ መንገደኛው ፓስፖርቱን አሳይቶና ሻንጣውን ወስዶ እስኪወጣ ሰዓት ያህል ስለሚሄድ፣ አውሮፕላኑ ያርፋል በተባለበት ሰዓት ከቤት ቢወጡ በአብዛኛው አይዘገዩም፤ የጠዋቱ የመኪና መጨናነቅ የሚጀምርበት ሰዓት ከሆነ ግን ቀደም ይበሉ።

ጥያቄ፦ በሱሉልታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነኝ። መሬት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እንደምትሽከረከር ተምረናል። እንዲህ ከሆነ ወደ ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን መድረሻው ራሱ እየቀረበለት ስለሚመጣ ቶሎ መድረስ አልነበረበትም? ከሰማይ ላይ ቆሞ ቢጠብቅስ አሜሪካ ከሥሩ አትመጣም?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄህ እጅግ ጥሩ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም ሳያፍሩ ሊጠይቁት የሚገባ ነው። መሬት በምድር ወገብ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር፣ እኛ በምንገኝበት 9 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ደግሞ 1,650 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሽከረከራለች። ነገር ግን አየሩም አብሯት ይሽከረከራል። አየሩ ቆሞ መሬት ብቻዋን ብትዞር ኖሮ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ከምሥራቅ በሰዓት 1,650 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይኖር ነበር፤ ቤትም ዛፍም አይተርፍም። አውሮፕላኑ ገና ቦሌ ላይ ቆሞ ሳለ ከመሬቱና ከአየሩ ጋር ወደ ምሥራቅ እየተጓዘ ነው፤ ሲነሣም ያ ጉዞ አይለየውም። ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚሄደው ቀላል ባቡር ውስጥ ቆመህ ሳንቲም ወደ ላይ ብትወረውር ተመልሶ እጅህ ላይ ይወድቃል እንጂ ወደ ኋለኛው ፉርጎ አይበርም፤ አየር ላይ ያለው አውሮፕላንም እንደዚያ ሳንቲም ነው።

ይሁን እንጂ መሽከርከሯ በበረራ ሰዓት ላይ ምንም ድርሻ የለውም ብዬ ብመልስልህ ግማሹን እውነት ደብቄብህ ማለፌ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀው አየር ወደ ዋልታ ሲጓዝ መሬት በመሽከርከሯ ምክንያት ወደ ምሥራቅ እየታጠፈ ይሄዳል፤ በሞቃቱና በቀዝቃዛው አየር ድንበር ላይ የሚፈጠረው ጄት ስትሪምም አቅጣጫው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሆነው በዚህ ነው። እንግዲህ መሬት መሽከርከሯ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ያፈጥናል ብለህ ነበር የገመትኸው፤ በነፋሱ በኩል ዞሮ ሲመጣ ግን ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ ከዱከም ነው የምጽፍልዎ። በቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ በተባለው ሥፍራ፣ አዲስ ታላቅ አውሮፕላን ማረፊያ እንደሚሠራ ይነገራል። ሲጠናቀቅ ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ያለው ርቀት ይለወጣል?

መልስ፦ ርቀቱ ምንም የሚባል ለውጥ አያመጣም። ሥፍራው ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ በኩል 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በ11,560 ኪሎ ሜትር ላይ የሁለት ወይም የሦስት ደቂቃ ጭማሪ ቢሆን ነው። የሚለወጠው ከፍታው ነው። የቢሾፍቱ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል፤ በዚህም ምክንያት አየሩ ከቦሌው በ4 በመቶ ያህል ይወፍራል። አራት በመቶ ትንሽ ይመስላል፤ ከ200 ቶን በላይ ለሚመዝን አውሮፕላን ግን ብዙ ቶን ነዳጅ ወይም ጭነት ጨምሮ መነሣት ማለት ነው። ረጅም ማኮብኮቢያ ሲታከልበት ጥቅሙ ይጨምራል።

ከተማችን ማረፊያዋን በዚህ ዓይነት ምክንያት ስታዛውር የመጀመሪያዋ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ የነበረው ማረፊያ ልደታ ነበር፤ የጄት ዘመን ሲመጣ ልደታ ለእነዚያ ከባድ አውሮፕላኖች ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ። ያኔ የጎደለው ማኮብኮቢያ ነበር፤ አሁን ደግሞ ማኮብኮቢያው ብቻ ሳይሆን አየሩም ታስቦበታል። ይህ ማለት ግን ወደ ዋሽንግተን የሚሄድ ሁሉ መንገድ ላይ መቆሙ ይቀራል ማለት አይደለም፤ አውሮፕላኑ ብዙ ነዳጅ ይዞ ከቢሾፍቱ ቢነሣም፣ በጥርና በየካቲት አትላንቲክ ላይ በግንባሩ የሚጠብቀው ነፋስ ያው ነው።